ልጄ 327 አምጥታለች፣ የት እናስገባት? የ23ቱ ምላሾች ስብስብ

የመክፈቻ ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደምበጫ ላይ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። የመጀመሪያ ልጄ የ2017ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና በተፈጥሮ ሳይንስ ወስዳ ከ600 327 አመጣች። ከመቶ ተፈታኝ ስምንት ያህሉ ብቻ ግማሹን ባለፉበት ዓመት ይህን ማምጣቷ ለቤታችን ትልቅ ነገር ነው። እናቷ ጠላ ጠምቃ ጎረቤት ጠርታ ነበር። ጭንቀቱ የመጣው ጠላው ሳያልቅ ነው።

ባሕር ዳር ያለችው አክስቷ፣ መንግሥት የት እንደሚመድባት አይታወቅም፣ መንገዱም አያስተማምንም፣ እኔ ቤት ተቀምጣ በግል ኮሌጅ ነርስነት ትማር፣ የክፍያውን ግማሽ እኔ እችላለሁ ትላለች። አያቷ ከሐኪምነት ሌላ መስማት አይፈልጉም። ጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ ስም ያለው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነውና እሱን አስቀድሙ ይለናል።

እኔ በዚህ ነገር የተቃጠልሁ ሰው ነኝ። በ2001 ዓ.ም. ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሒሳብ አያያዝ ልማር ብዬ፣ በከተማችን አቅራቢያ ቅርንጫፍ ከፍቶ የነበረ አንድ ኮሌጅ ገባሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበርና ጠረጴዛ እየሸጥሁ ከፈልሁ። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ስወዳደር፣ ያ ቅርንጫፍ በዚያ ሙያ ለማስተማር ፈቃድ እንዳልነበረው ተነገረኝ። ወረቀቱ ዛሬም ከሣጥኔ ውስጥ አለ። ልጄ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲደርስ አልፈልግም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ለልጃችሁ ወይም ለራሳችሁ ኮሌጅ ስትመርጡ መጀመሪያ ያያችሁት ምን ነበር? ዛሬ ብትመርጡስ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?

ምላሾቹ

በሦስት ቀን ውስጥ 23 ምላሾች መጡ። ዘግይተው የገቡ ወላጆች ሁሉን ማንበብ ከበደን፣ ሰብስበህ አስቀምጥልን ስላሉኝ በራሴ ቃል አስፍሬዋለሁ። ያጎደልሁት ካለ ባለቤቱ ያርመኝ።

1ኛ። የጻፉት ደብረ ማርቆስ ያሉ መምህር ናቸው። ደስ ይበላችሁ ካሉ በኋላ፣ እኔ ያላወቅሁትን ነገሩኝ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ ሙያውን ይዞ አይገባም፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፣ ትምህርት ክፍል የሚመደበው ከዚያ በኋላ በውጤቱና በምርጫው ነው። ስለዚህ አሁን የሚመረጠው ልጅቷ ኋላ ልትፈልጋቸው የምትችላቸው ትምህርት ክፍሎች ያሉበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ አንዲት ጥያቄ አስከተሉ፤ ልጅቷ ራሷ ምን ትፈልጋለች? በጽሑፌ ውስጥ የአክስቷን፣ የአያቷንና የጎረቤቱን ፍላጎት ዘርዝሬ የእሷን አንድ ቃል አልጻፍሁም ነበር። ይህን ያየሁት እሳቸው ከጠየቁኝ በኋላ ነው።

2ኛ። የፍኖተ ሰላም እናት ናቸው። በርበሬ ሸጠው ወንድ ልጃቸውን አስተምረዋል። የአክስቷ ሐሳብ ትክክል ነው ባይ ናቸው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ልጃቸው የት እንዳለ ሳያውቁ ያደሩባቸውን ሌሊቶች ጽፈዋል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው አሉ። ይህን ፍርሃት የሚያቃልል ሰው ልጅ ልኮ የማያውቅ ነው።

3ኛ። አንድ ወጣት የግል ኮሌጅ የመውጫ ፈተና የለበትምና ሳትጨነቅ እዚያ ትግባ ብሎ አለፈ።

4ኛ። ይኸኛው የመጣው በቁጣ ነው። የማታውቀውን አትናገር፣ በወሬህ የሰው ልጅ ዕድሜ ይበላል አለው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም ላሉ የዲግሪ ተማሪዎች ግዴታ መሆኑን፣ ማለፊያው 50 ከመቶ መሆኑን፣ ያላለፈ ደግሞ ዳግም ተፈትኖ እስኪያልፍ ዲግሪ እንደማያገኝ ዘረዘረ። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 ከመቶ ገደማ፣ ከግሎቹ ግን 17 ከመቶ ገደማ ብቻ ማለፋቸውንም ጨመረ። ቁጥሩ ትክክል ነው። አነጋገሩን ባልወድለትም አመሰግነዋለሁ።

5ኛ። በአንድ የግል ኮሌጅ የሚያስተምሩ ሰው ተሰማቸው። 17 ከመቶ የሚለው ደካማውንና ጠንካራውን በአንድ ጆንያ የከተተ ቁጥር ነው፤ መንግሥት በ12ኛ ክፍል ውጤት ያበጠራቸውን ልጆች ይዞ ከእኛ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው አሉ። ወላጅ ማድረግ ያለበትንም ነገሩን። ኮሌጁ ሄዶ ልጁ በሚማርበት ትምህርት ክፍል ባለፉት ዙሮች ስንት ተማሪ አስፈተናችሁ፣ ስንቱ አለፈ ብሎ መጠየቅ ነው። የሚኮራበት ውጤት ያለው ኮሌጅ አይደብቅም፤ ወሬውን ወደ ሕንፃውና ወደ ዋይፋዩ ካዞረባችሁ ግን ተነሥታችሁ ውጡ አሉ። ከክሩ (ከዚህ የምላሾች ሰንሰለት) ሁሉ መጀመሪያ ደብተሬ ላይ የጻፍሁት ይህን ነው።

6ኛና 7ኛ። አራተኛው ተመልሶ መጥቶ አምስተኛውን ለደመወዝህ ነው የምትሟገተው አለው። አምስተኛው ሰውየ ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፣ አንተ ተብዬ የምጠራ አይደለሁም ብለው መለሱ። ሁለቱም እውነት ይዘው ነበር የተጣሉት፤ ልቤን ያሳዘነው ይህ ነው።

8ኛ። የብቸና አዛውንት ገላገሉ። የመጣነው የአንዲት ልጅ ጉዳይ ልንመክር ነው፣ ታላቅን አንቱ ማለት የሚያሳንሰው የለም አሉ። አራተኛው ይቅርታ ጋሼ ብሎ ጻፈ፤ ለብቻው ስላልቆጠርሁት ነው እንጂ እሱም ምላሽ ነበር።

9ኛ። ሬጅስትራር ውስጥ የሠራች እኅት ናት፤ ለእኔ ጉዳይ የቀረበው የእሷ ነው። የግል ተቋም ዕውቅና ለኮሌጁ ስም በጅምላ የሚሰጥ አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ደግሞም ለመደበኛው፣ ለማታውና ለርቀቱ ለየብቻ ነው የሚሰጠው። ባሕር ዳር ላይ ነርስነት ለማስተማር የተፈቀደለት ኮሌጅ፣ ቅርንጫፉ ላይ ያንኑ ነርስነት ያለ ፈቃድ ሊያስተምር ይችላል። ያኔ ወላጁ ያየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዋናውን ግቢ ደብዳቤ ነው። እኔ ላይ የደረሰው በትክክል ይህ ነበር፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያልገባኝ ነገር በስድስት መስመር ገባኝ።

ደብዳቤውን አሳዩኝ በሉ አለች። የመስኩን ስም፣ የካምፓሱን ስም፣ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ፤ ከዚያ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዝርዝር ጋር አስተያዩት። ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን እንደገና መመዝገብ ስለጀመረ የቆየ ደብዳቤ ላይሠራ ይችላል። ነርስነት ለምትሉ ደግሞ ዲግሪ ብቻውን ለሥራ አያበቃም፤ የሙያ ፈቃድ ፈተና ከፊት አለ አለች። ይህን መልስ ለአክስቷ ላክሁላት። ምን እንደመለሰች ከታች አለ።

10ኛ። ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ዛሬ ደጀን አካባቢ የሚኖሩ መሪጌታ ናቸው። ጥያቄው አዲስ የመሰለን እኛ ነን እንጂ አባቶቻችን መልሰውታል አሉ። የድሮ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን ይዞ ሲነሣ የት እንደሚሄድና ለምን እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ቅኔ ከሆነ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይላል። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ነው፣ ቅዳሴ ሰለልኩላ ነው። የቱንም ያህል የተከበረ ደብር ቢሆን ሁሉንም ያስመሰክራል ብሎ የሚያስብ ተማሪ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቦታ ስሙን ያገኘው በአንድ ትምህርት ነው። ደግሞ መምህሩ ከሞተ ወይም ከተነሣ ጉባኤው ይፈታል፤ ተማሪው መምህሩን ተከትሎ ይሄዳል፣ ደብሩ ባለበት ይቀራል። ዛሬ እናንተ የምትመርጡት ደብሩን ነው፣ ውስጥ ማን እንደሚያስተምር አትጠይቁም አሉ።

ይህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የጎጃም ልጅ ሆኜ፣ ከሰፈሬ ያለፉ የቆሎ ተማሪዎችን በእንተ ስማ ለማርያም ሲሉ እየሰማሁ አድጌ፣ እነዚያ ልጆች ከእኔ ይልቅ ትምህርት መምረጥ ያውቁ እንደነበር አስቤ አላውቅም።

11ኛ። ሰውየው ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፣ የአኩፋዳ ወሬ ምን ይሠራል አለ።

12ኛ። አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ መለሰችለት። እሷ ስትማር አራት ዓመት ሙሉ የአንድ ዋና ኮርስ መምህር በየሴሚስተሩ ይቀየር እንደነበር፣ የመውጫ ፈተናው ላይ የከበዳትም ያው ኮርስ መሆኑን ጽፋ፣ መሪጌታው ያሉት ቀድሞ ቢገባኝ ኖሮ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ያሉ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ሳልጠይቅ አልገባም ነበር አለች።

13ኛና 14ኛ። እዚህ ላይ ወሬው ወጣ። አንዲት እናት ልጃቸው ምን ምን ይዞ እንደሚሄድ ጠየቁ፤ ሌላዋ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለ ሰርተፊኬት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ ብለው ዘረዘሩላቸው። ከዚያ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ብርዱ ስለሚከፋ ጋቢ ይጨመር፣ ባሕር ዳር ግን ለሙቀቱ ስስ አንሶላ ይበቃል ተባለ። በሶው በገብስ ብቻ ይሁን ወይስ ተልባ ይግባበት በሚለው ላይ እናቶቹ ብዙ ተጻጻፉ። ከቤቱ ለወጣ ልጅ በሶ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

15ኛ። በዚያ የበሶ ወሬ መሐል ከሞጣ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ አንዲት ልጅ ጽፋ ነበር። ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። እኩዮቿ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲያወሩ እሷ 12ኛን አልጨረሰችም። ከአሁን በኋላ ብጀምር ረፍዶብኛል ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም አልመለስሁላትም፤ የልጄን ጉዳይ የሚነካውን ብቻ እየፈለግሁ ወደ ታች ወረድሁ።

16ኛ። ልጃቸው 271 ያመጣ የመራዊ አባት ናቸው። ሁላችሁም ያለፈችውን ልጅ ትመክራላችሁ፣ ያላለፈው የት ይሂድ አሉ። ምሬታቸው ተገቢ ነው።

17ኛ። የመጀመሪያው መምህር ናቸው። ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ፣ ተስፋ አይቁረጡ አሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለአራት ወር ያህል ይማራል፤ ከመቶው 30 ዩኒቨርሲቲው፣ 70 ደግሞ ሚኒስቴሩ በማዕከል በሚያወጣው ፈተና ይያዛል፤ 50 ያመጣ ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ዓመት፣ ይቀጥላል። የሚገባበት ነጥብ በየዓመቱ ስለሚወሰን ማስታወቂያውን መጠበቅ ነው። አንድ ነገር አጠንክረው ተናገሩ፤ አራት ወር አጭር ነውና ልጁ እስኪጠራ ድረስ ቤት ቁጭ ብሎ አይጠብቅ፣ የ11ኛና የ12ኛ ሒሳቡን ከዛሬ ጀምሮ ይሥራ።

18ኛ። ቡሬ ላይ የብየዳ ሥራ ያለው ወጣት ከፖሊቴክኒክ ኮሌጅ በደረጃ ተምሮ፣ የብቃት ምዘናውን አልፎ ዛሬ ሁለት ሰው ቀጥሮ እንደሚያሠራ ጻፈ። አባቱ ግን እስካሁን ሰው ሲጠይቃቸው ልጄ ወደቀ እንደሚሉ ነገረን። የመራዊው አባት ልጄን ባለ እጅ አላደርገውም ብለው በንዴት መለሱለት።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልሁም። ሃያ ዓመት በመጋዝና በመላጊያ ልጆቼን ያበላሁ ሰው ነኝ። ባለ እጅ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ መወርወር ከአባቶቻችን ከወረስናቸው ክፉ ነገሮች አንዱ ነው፤ አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን እየናቅን አገር አስርበናል። አባትየውን ልጅዎ ምን ይወዳል ብዬ ጠየቅኋቸው። ቆይተው የተበላሸ ሬዲዮ ይፈታል፣ ይገጥማል ብለው ጻፉልኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጨመርሁም።

19ኛ። የድሮ የፖሊ ምሩቅ ናቸው። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት የእርሻ መካኒክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክና የእንጨት ቴክኖሎጂ ያስተምር እንደነበር አስታወሱን። በኋላ ፔዳ ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መባሉንም እንዲሁ። ወሬው የትዝታ ቢመስልም መጨረሻቸው ላይ ለወላጅ የሚጠቅም ነገር ተናገሩ። የተግባር ትምህርት ያለበት ቦታ ስትሄዱ ወርክሾፑን አስከፍቱ አሉ። ማሽኑ ላይ ያለው ፍቅፋቂና ዘይት ነው ወይስ አቧራና ሸራ? ተማሪ የሚሠራበት ማሽን ንጹሕ አይሆንም። እንጨት ሠሪ እንደመሆኔ ይህን ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

20ኛ። አሁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ነው። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ትልቅ ውጤት ያላቸው ልጆች አብረው ስለሚገቡ፣ ሐኪምነትን የመሰለው ብዙ የሚፈለግ ትምህርት ክፍል ላይ ያለው ፉክክር ብርቱ ነው አለ። እሱ ራሱ ባሕር ዳርን መርጦ ገብቶ፣ የፈለገውን ትምህርት ክፍል በነጥብ አጥቷል። ጓደኛው አነስተኛ የሚባል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ያንኑ አግኝቷል። ስለ ወጪ መጋራትም ጠቃሚ ነገር ጻፈ፤ ቅጹ በየዓመቱ የሚሞላ ውል ስለሆነ ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ከትምህርቱ ወጪ 15 ከመቶውን፣ የምግቡንና የዶርሙን ሙሉ ወጪ ከተመረቃችሁ በኋላ የምትከፍሉት ዕዳ ነው አለ። ምግቡን በገንዘብ ወስዶ ነን ካፌ የሆነ ተማሪ በዛሬ ኑሮ ወሩን አይዘልቅም ብሎ መከረ።

21ኛ። የልጄ አክስት ራሷ ጻፈች። የቤታችንን ነገር አደባባይ አወጣኸው፣ እኔ ልጅቷን ልሰበስብ እንጂ ልሸጣት አላልሁም አለችኝ። ልክ ናት። ስሟን ባልጠራም የሚያውቁን ያውቋታል፣ ሳላማክራት መጻፍ አልነበረብኝም። እዚያው በሁሉ ፊት ይቅርታ እታለም አልኋት። ከሰዓታት በኋላ በዚያው ምላሽ ሥር ጨመረች። ኮሌጁ ድረስ ሄዳ ዘጠነኛዋ እንዳለችው ደብዳቤውን አሳዩኝ ብላለች። ነገ ይምጡ ብለዋት፣ በማግሥቱ ስትሄድ ደግሞ ኃላፊው የሉም ተብላለች። ሦስተኛ ጊዜ እንደማትሄድ ጻፈች።

22ኛ። ልጄ ናት። በራሷ ስም ገብታ እንደ ማንም ሰው ጻፈች። መራዊ አጎቷ ዘንድ ስትሄድ የቆጋን ግድብና ውኃው በቦይ እየተከፋፈለ ማሳ የሚገባበትን አይታ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የውኃ ምህንድስና መማር እንደምትፈልግ፣ አያቷን ላለማስቀየም ግን ዝም እንዳለች ተናገረች። ከሦስት ዓመት በፊት ነው አጎቷ ዘንድ የሄደችው። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር አልጠየቅኋትም። መሪጌታውንም አመሰገነቻቸው፤ እሳቸው እንዳሉት ትምህርት ክፍሉ ውስጥ የሚማሩ ሁለት ተማሪዎችን በስልክ ጠይቃ፣ የሚሰጡትን ኮርሶች ዝርዝር አስልካለች። አንደኛ ምርጫዋን ባሕር ዳር፣ ሁለተኛውን ደብረ ማርቆስ ብላ ልትሞላ ነው። ነጥቡ ባይደርስ የምትቀበላቸውን ሌሎች ሁለት ትምህርት ክፍሎችም አስባለች። አያቷን የማሳመኑን ነገር ለእኔ ሰጠችኝ፣ ነገ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄዳለሁ።

23ኛ። ይኸኛው የእኔ ነው፣ ለ15ኛዋ የጻፍሁት። እሷን ያስታወሰችኝ ልጄ ናት፤ ክሩን ከላይ እስከ ታች ስታነብ ቆይታ ይህቺን ልጅ ምን አላችኋት አለችኝ። የምለው አጣሁ። እናም እንዲህ ጻፍሁላት፤ አልረፈደብሽም እህቴ፣ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗቸው የሚማሩ አሉ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈትልሽ ወይም ወደሚማሩበት ከተማ እስክትወጪ ድረስ መጽሐፉ በእጅሽ ይኑር። ልጄ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል መጻሕፍቷን፣ የሒሳብና የፊዚክስ ማስታወሻ ደብተሮቿን በማዳበሪያ ጆንያ አስራ በሩ ሥር አስቀምጣቸዋለች። ልጅቷ እስካሁን አልመለሰችም። ወደ ሞጣ የሚሄድ የታመነ ሹፌር የምታውቁ ካላችሁ ከዚህ በታች ጻፉልን።